በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ የዕድገት ሆርሞንን ከመስማት ጋር ምን አገናኘው?

አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። አንዱ መከራ ሳይለቅ ሌላው ሲደረብ የሚነገር ነው። ተረቱን ሁላችንም እንተርታለን፤ እንቅርትንና ጆሮን ምን አጎራበታቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በዚህ ሴሚስተር የሳይንስ ዘገባ መምህራችን «ከሕዝብ ግብር በወጣ ገንዘብ የተካሄደ አንድ የሕክምና ምርምር ምረጡና ለጎረቤታችሁ በሚገባ ቋንቋ ጻፉ» ብለው ሲያዙን፣ እኔ የመረጥኩት የዕድገት ሆርሞን አቆጣጠርና የመስማት ግንኙነት የሚለውን ነበር። ርዕሱን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። «ቁመት ሌላ፣ ጆሮ ሌላ! ምን አገናኛቸው?» አሉ። አንዱማ አጠር ያለ ቁመቱን እያሳየ «እኔ ታዲያ እንዴት እሰማለሁ?» ብሎ አስፈገገን።

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ ቀልድ አይደለም። ነገሩ ከአሜሪካ ቤተ ሙከራ ድንክ አይጦች ይጀምርና እዚሁ ቦሳ ኪቶ፣ በየቀኑ ከምንሸምትበት ሱቅ የጨው ጆንያ ላይ ያርፋል። ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ቀስ ብለን አብረን እንሂድ።

ዕድገትን የሚያዘው ማን ነው?

ከአንጎላችን ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። መጠኗ ትንሽ፣ ሥልጣኗ ግን ትልቅ ነው። የዕድገት ሆርሞንን የምታመነጨው እሷ ናት። ይሁንና እንዳሻት አታደርግም። ከበላይዋ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። ከዚያ የሚመጣ አንድ መልእክት «ልቀቂ» ይላታል፤ ሶማቶስታቲን የተባለው ሌላው መልእክት ደግሞ «በቃሽ» ይላታል። ሆርሞኑ እንደ ቧንቧ ውኃ ቀኑን ሙሉ አይፈስም፤ በየተወሰነ ጊዜ ብቅ እያለ ነው የሚለቀቀው፣ በብዛትም በጥልቅ እንቅልፍ ሰዓት። እናቶቻችን «ተዉት ይተኛ፣ ልጅ የሚያድገው ሲተኛ ነው» የሚሉት እንግዲህ ከሜዳ ተነስተው አይደለም።

ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ጉበት ሲደርስ፣ ጉበት አይ.ጂ.ኤፍ.-1 የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ያመርታል። አጥንት እንዲረዝም የማድረጉን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ይኸኛው ነው። መጠኑ ሲበዛ ወደ ላይ ተመልሶ ፒቱታሪን «ቀንሺ» ይላታል። ምጣዱ ሲግል እሳቱን እንደምንቀንሰው ማለት ነው። «የዕድገት ሆርሞን አቆጣጠር» የሚባለው ይህ ሁሉ መላላክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው አጭር፣ ማለትም የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ታዲያ እነዚህ ሕፃናት የዕድገት ሆርሞን ጎድሏቸው ነው? በአብዛኛው አይደለም። በምግብ እጥረት ክፉኛ በተጎዳ ልጅ ደም ውስጥ የዕድገት ሆርሞን እንዲያውም ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ የሚወርደው አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ነው። ትእዛዙ ደርሷል፣ ጉበት ግን በባዶ ሆድ ሊታዘዝ አልቻለም። ስለዚህ ለቀነጨረ ልጅ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመርፌው በፊት ከሌማቱ የሚገኝ ነው። ዕድገት የሚጀምረው ገና ከማኅፀን መሆኑን የሚያጠኑ ሰዎች እዚሁ አጠገባችን አሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በጀመረው ጥናት ጅማ ውስጥ የተወለዱ ሕፃናትን የሰውነት ስብና ሥጋ ገና በተወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ መለካት ጀምሮ፣ ሲያድጉም ተከታትሏቸዋል።

ፒቱታሪ ሌላም ሥራ አላት። ጉሮሯችን ላይ ላለው ታይሮይድ ዕጢ ትእዛዝ ትልካለች። ታይሮይድ በበኩሉ ከምግባችን አዮዲን ወስዶ የራሱን ሆርሞን ይሠራል። ይህ ሆርሞን ከሌለ ፒቱታሪ ራሷ የዕድገት ሆርሞኗን እንደሚገባ ማምረት ያቅታታል። አያችሁት? አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይጎድላል። አዮዲን ያጣ ታይሮይድ ደግሞ ያለችውን ጥቂት ለመቃረም ይደክማል፣ ይሰፋል፣ ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው።

የማትሰማው ድንክ አይጥ

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ድምፅ ታምቡሩን መትቶ፣ በሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተላልፎ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝ አካል ውስጥ ይገባል። ይህ አካል ኮክሊያ ይባላል። በውስጡ ጫፋቸው ላይ ፀጉር መሰል ነገር ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል። በአንድ ጆሮ ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ድምፁ ሲያርገበግባቸው ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጠው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ። ክፋቱ፣ በእኛ በሰዎችና በሌሎች አጥቢ እንስሳት እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ከፍተኛ ጩኸት ይገድላቸዋል፤ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊገድሏቸው ይችላሉ።

ጆርጅ ስኔል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ አንድ የድንክ አይጥ ዘር ጽፎ ነበር። ድንክነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ምክንያቱ የታወቀው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፒት-1 የሚባል ዘረ መል ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ዘረ መል ከሌለ ፒቱታሪ ሦስት ሆርሞኖችን ታጣለች፦ የዕድገት ሆርሞንን፣ ፕሮላክቲንንና ታይሮይድን የሚያዘውን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይኸው ዘረ መል የተበላሸባቸው ሰዎችም ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ፊት የቀረበ አንድ አጭር ልጅ «እግዜር እንዲህ አድርጎ ፈጠረው» ከመባል አልፎ የሚመረመርበት መንገድ ተከፈተ።

እነዚህ አይጦች ሌላም ችግር ነበረባቸው። አይሰሙም። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ሳሊ ካምፐርና የሥራ ባልደረቦቿ ብዙ ዓመት የሠሩት እዚህ ላይ ነው። ፕሮፕ-1 የተባለ ሌላ ዘረ መል የጎደላቸው ድንክ አይጦችም አሉ። የሁለቱም ዘሮች ፒቱታሪ እነዚያኑ ሦስት ሆርሞኖች አጥታለች፤ ሁለቱም ድንክ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ግን ጨርሶ ሊባል በሚችል ደረጃ መስማት የተሳናቸው ሲሆኑ፣ የሁለተኛዎቹ ጉዳት በጣም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሥራቸው ታይሮይድ ሆርሞንን በምግብ መልክ ሲሰጧቸው የአይጦቹ መስማት ተሻሻለ። ለጆሮው ዋናው ጎደሎ የታይሮይድ ሆርሞን ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የሁለተኛዎቹን ጆሮ ያዳናቸው በዘራቸው ውስጥ ያሉ ሌሎች ዘረ መሎች መሆናቸውን ጻፉ። ከዚህ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ዳግላስ ፎረስትና ባልደረቦቹ የታይሮይድ ሆርሞንን መልእክት የሚቀበለው አንዱ ተቀባይ ከሌለ የአይጥ መስማት በትክክል እንደማይዳብር አሳይተው ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ምርምር የሚከፍለው በዋናነት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በሌላ አነጋገር የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። «ስለ ድንክ አይጥ ጆሮ ማን ግድ አለው? ገንዘቡ ለምን ለተራበ አይሰጥም?» የሚል አይጠፋም። እኔም ከጓደኞቼ ጋር የተከራከርነው በዚሁ ላይ ነው። መልሴ አጭር ነው። በግል ገንዘቡ ለድንክ አይጥ የሚከፍል ነጋዴ አታገኙም፤ ትርፉ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነውና የሚመጣው። ሕዝብ ግን ስድሳ ዓመት መጠበቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1896 ቮን ፔንድረድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአንድ ቤተሰብ ልጆች ላይ እንቅርትና መስማት አለመቻል አንድ ላይ መታየታቸውን ጻፈ። ምክንያት የሆነው ዘረ መል በዚያው የአሜሪካ የሕዝብ ተቋም ተመራማሪዎች የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት ሳይንሳዊ ስም ያገኘ ይመስላል!

«የዕድገት ሆርሞን መስማትን መለሰ»?

አይ.ጂ.ኤፍ.-1 የረሳነው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ አንድ የሐኪሞች ጽሑፍ ይህ ንጥረ ነገር በዘረ መል ጉድለት ጨርሶ ስለሌለው የ15 ዓመት ልጅ ይተርካል። ልጁ እጅግ አጭር ነበር፤ መስማትም የተሳነው ነበር። የስፔን መንግሥት የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪዋ ኢዛቤል ቫሬላ-ኒዬቶና ቡድኗም ይህ ንጥረ ነገር የሌላቸው አይጦች መስማት እንደተሳናቸው አሳይተዋል። ቁመትና ጆሮ እዚህም ተገናኙ።

ዓሦችና ወፎች ከእኛ ይሻላሉ፤ የሞቱባቸውን የጆሮ ሴሎች መልሰው ያበቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዌስተርን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜብራፊሽ የምትባል ትንሽ ዓሣ ጆሮ በከፍተኛ ድምፅ ከተጎዳ በኋላ የዕድገት ሆርሞን ሲሰጣት ሴሎቹ መልሰው መብቀላቸው እንደሚፋጠን ጻፉ። በጃፓን ደግሞ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የመሩትና መስማታቸውን በድንገት ባጡ 120 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ከፊሎቹ ጆሮ ውስጥ አይ.ጂ.ኤፍ.-1 የያዘ ለስላሳ ጄል ተደረገ፤ ለሌሎቹ የተለመደው የስቴሮይድ መርፌ በጆሯቸው ተሰጠ። ከመጀመሪያዎቹ 66.7 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 53.6 በመቶ ተሻላቸው።

እንግዲህ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነንና እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ቁጥር ይዞ የሚሮጥ ዘጋቢ ምን ይጽፋል? «የዕድገት ሆርሞን መስማትን መለሰ!» አራት ነጥብ። ርዕሱ ያምራል፤ ጋዜጣም ይሸጣል። ግን ስንት ቦታ እንደሚሳሳት ቁጠሩልኝ። አንደኛ፣ ለሰዎቹ የተሰጠው የዕድገት ሆርሞን አይደለም፤ እሱ የሚያዘው ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጽፈዋል። ሦስተኛ፣ ሰዎቹ መስማታቸውን በቅርቡና በድንገት ያጡ ናቸው እንጂ ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙ አይደሉም። አራተኛ፣ ዓሣዋ ዓሣ ናት።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የማይሰማ ልጅ ያላት አንዲት የቡና ለቃሚ እናት ያን ርዕስ በሬዲዮ ብትሰማ ያላትን ሸጣ መርፌ ፍለጋ አዲስ አበባ ትወጣለች። የሚሸጥላትም አይጠፋም። የግቢ ልጆች ራሳቸው «ሆርሞን ብወጋ እረዝማለሁ?» እያሉ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። አጥንታችን የሚረዝምባቸው ጫፎች በጉርምስና መጨረሻ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሆርሞኑ ቁመት አይጨምርም፣ ሌላ ጉዳት ግን ሊያመጣ ይችላል። እኛ አንድ ቃል ብናሳስት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ጨው ቤት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዓለም የአዮዲንን ነገር ከአይጥ ብቻ አይደለም የተማረው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራራማ አካባቢ፣ ጂሚ በሚባል ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ሙከራ ተጀመረ። ለግማሾቹ ቤተሰቦች አዮዲን ያለው ዘይት፣ ለግማሾቹ ተራ የጨው ውኃ ተወጋላቸው። ከዚያ በኋላ ከተወለዱት ልጆች፣ አዮዲን ካላገኙት ወገን 26፣ ካገኙት ወገን 7 ልጆች ክሬቲኒዝም በሚባለው ከባድ ጉዳት ተይዘው ተገኙ። መስማትና መናገር አለመቻል፣ የአእምሮ ዕድገት መጓተት፣ መራመድ መቸገር የሚታይበት ማለት ነው። ከ7ቱ የ6ቱ እናቶች ደግሞ መርፌውን ሲወጉ ቀድመው አርግዘው ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አዮዲኑ ከእርግዝና በፊት መድረስ አለበት። ፅንሱ የራሱ ታይሮይድ በደንብ እስኪሠራ የእርግዝናው አጋማሽ ይደርሳል፤ እስከዚያ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። ጆሮው የሚሠራውም በዚያው ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ ኖሯልና አዮዲኑ ትንሽ ነው፤ ከእሱ የሚበቅለውም እንዲሁ። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት (ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው) ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑ ሕፃናት 39.9 በመቶ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከአምስቱ ሁለቱ ማለት ነው። ይህም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከአይጦቹ ይልቅ ቅርብ።

ለምን እዚህ ደረስን? ቀድሞ አገራችን የምትጠቀመው ጨው ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ጨው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ መምጣት ጀመረ፤ አዮዲን ሳይጨመርበት። ጦርነት ሲባል የሚታየን መድፍ ነው። ጉሮሮና ጆሮም ዋጋ ይከፍላሉ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አላጋጠመኝም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያዝ ደንብ አወጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ ገደማ በሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 89 በመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም አዮዲን «አለበት» ማለትና «በቂ አለበት» ማለት አንድ አይደሉም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በምከራይበት ሠፈር፣ ቦሳ ኪቶ፣ ሱቆቹን አየሁ። በታሸገ ፕላስቲክ «አዮዲን ያለው» የሚል የተጻፈበት ጨው አለ። ከአፉ ተከፍቶ ደጅ ከቆመ ጆንያ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጥም አለ። አንድ ባለሱቅ «ይሄኛው አዮዲን አለው ወይ አባባ?» ብላቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ ጨው ጨው ነው፤ ካልጣፈጠህ መልሰው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ማንም አልነገራቸውም። አከራዬ ደግሞ ጨው የምታስቀምጠው ክዳን በሌለው ቅል፣ ከምድጃው አጠገብ ነው። አዮዲን በእርጥበት፣ በፀሐይና በሙቀት እየቀነሰ ይሄዳል። ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። የአካባቢያችን ሰው ቡናውን ሳይቀር በጨው ይጠጣል፤ በጨው አንታማም። የሚያሳስበው የትኛው ጨው እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ለጎረቤት የሚነገረው ቀላል ነው። የታሸገውን ግዙ። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ጨውን አትጠቡት። ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት፤ ለቡናም ጀበናው ውስጥ ከማፍላት ስኒው ላይ ማድረግ ይሻላል። ጨው አብዙ ማለት አይደለም፤ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ተጠራቅሞ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለነፍሰ ጡር ግን በቀን የሚያስፈልገው ከሌላው ይበልጣል። ሁሉም መስማት አለመቻል ከአዮዲን የመጣ አይደለም፤ እንቅርት ያለበት ሁሉም መስማት አይሳነውም። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የሚመግል ጆሮ፣ ተረቱ ላይ ያለው ጆሮ ደግፍ ራሱ፣ ሁሉም ጆሮን ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚጠጋው ሊከላከሉት የሚቻል ነው ይላል። ልጅ በር ሲጓጎር የማይደነግጥ፣ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ «ጊዜው ሲደርስ ይሰማል» ከማለት ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል።

ለእኛ ለዘጋቢዎች የቀረው ሥራ ምንድነው? አንደኛ፣ ቋንቋችንን እንጠንቀቅ። በአማርኛ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማንና የማያውቅን ሰው አንድ አድርጎ ይሰድባል። መስማት የተሳነው ሰው ያልተነገረው እንጂ የማይገባው አይደለም። ሁለተኛ፣ ምርምርን ስንዘግብ ማን ከፈለ፣ በማን ላይ ተሞከረ፣ ልዩነቱ ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ገንዘብ ያፈራው ዕውቀት ወደ ሕዝቡ እንዲመለስ እናድርግ። የድንክ አይጧ ጆሮ ሚቺጋን ውስጥ ተመርምሮ ታውቋል፤ እንቅርቱም በየወረዳው ተቆጥሯል። ባለሱቁ ግን እስካሁን «ጨው ጨው ነው» ይላሉ። በመጽሔትና በሱቅ መካከል ያለው ይህ ርቀት የእኛ የሥራ ቦታ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሬዲዮ ፕሮግራም ኮርሳችን አንዱን ክፍል በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በዚሁ ጉዳይ ላይ እንድንሠራ ለትምህርት ክፍሉ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ ካለ እጁን ያውጣ።

ቸር ይግጠመን።